ሦስት መድኃኒት ወይስ አራት? የጨጓራ ባክቴሪያ ሕክምና ከቢታ ገነት ሲታይ

በካፋ ዞን በቢታ ገነት «ጨጓራዬ አላስቀምጥ አለኝ» ብሎ ወደ ጤና ጣቢያ የሄደ ሰው፣ ተመርምሮ ባክቴሪያው ከተገኘበት የሚጻፍለት ማዘዣ ቦንጋ ወይም አዲስ አበባ ላይ ለሌላው ከሚጻፈው እምብዛም አይለይም፦ ኦሜፕራዞል፣ አሞክሳሲሊንና ክላሪትሮማይሲን። የጤና ሚኒስቴር የሕክምና መመሪያ ለዓመታት በቀዳሚነት ያስቀመጠው ይህንኑ የሦስት መድኃኒት ጥምረት ነው። የአሜሪካ የጨጓራና አንጀት ሐኪሞች ኮሌጅ ግን እ.ኤ.አ. በ2024 ባወጣው መመሪያ፣ ባክቴሪያው በክላሪትሮማይሲን እንደሚሸነፍ በምርመራ ካልታወቀ በቀር ይህ ጥምረት እንዳይሰጥ መክሯል። በምትኩ ያስቀደመው ቢስመዝ የሚገባበትን የአራት መድኃኒት ሕክምና ነው፤ ለ14 ቀን። ታዲያ ለቢታ ገነቱ ታካሚ የትኛው ይበጀዋል?

አቋሜን ቀድሜ ልናገር። በሦስቱና በአራቱ መካከል ያለው ልዩነት እውነተኛ ነው። ነገር ግን ሰባት ቀን በተዋጠና 14 ቀን በተዋጠ፣ በተጨረሰና መሃል ላይ በተቋረጠ፣ ውጤቱ በተረጋገጠና «ተሽሎኛል» በሚል ቃል ብቻ በተዘጋ ሕክምና መካከል ያለው ልዩነት ለቢታ ገነት ከዚያ ይበልጣል። እሱ ሳይስተካከል ስለ መድኃኒት ዓይነት መሟገት ጊዜ ማባከን ይመስለኛል።

ሄሊኮባክተር ፓይሎሪ የተባለውን ይህን ጠመዝማዛ ባክቴሪያ ሕክምናው ያወቀው በቅርቡ ነው። ሮቢን ዋረንና ባሪ ማርሻል በአውስትራሊያዋ ፐርዝ ከተማ፣ እ.ኤ.አ. በ1982፣ ከታካሚዎች ጨጓራ በተወሰደ ናሙና ላይ እስኪያሳድጉት ድረስ የጨጓራ ቁስለት በአሲድ፣ በጭንቀትና በምግብ ይሳበብ ነበር። ማርሻል የሚያምነው ቢያጣ በ1984 ባክቴሪያውን ራሱ ጠጣውና ጨጓራው ተቆጣ። ሁለቱ በ2005 የኖቤል ሽልማት ተቀበሉ። ባክቴሪያው ራሱ ግን የትናንት እንግዳ አይደለም። በ2007 ኔቸር መጽሔት ላይ የወጣ የዘረመል ጥናት፣ የሰው ልጅ ከ58 ሺህ ዓመት ገደማ በፊት ከምሥራቅ አፍሪካ ሲወጣ ባክቴሪያውን በሆዱ ይዞ እንደተጓዘ አሳይቷል። ቡናን ለዓለም ያበረከትን የካፋ ሰዎች ነን ብለን ስንኮራ፣ ከዚሁ አካባቢ ቀድሞ የወጣ ሌላም ነገር መኖሩን ማስታወስ ሳያስፈልገን አይቀርም።

በሀገራችን ጉዳዩን ቀድመው ካነሱት አንዱ ፕሮፌሰር እደማርያም ጸጋ ናቸው፤ ከባልደረቦቻቸው ጋር በኢትዮጵያውያን ታካሚዎች ላይ ያደረጉት ጥናት በ1996 በኢትዮጵያ የሕክምና መጽሔት ታትሟል። ከዚያ ወዲህ ጥናቱ በዝቷል። በ2019 የታተመ፣ 37 ጥናቶችን ያጠቃለለ ትንታኔ በኢትዮጵያ ከተመረመሩት ሰዎች ውስጥ 52 በመቶ ያህሉ ባክቴሪያው እንዳለባቸው አስልቷል። ይህ ማለት ግን ግማሹ ሕዝብ ታሟል ማለት አይደለም። አብዛኛው ሰው ባክቴሪያውን ተሸክሞ ምንም ሳይሰማው ዕድሜውን ይጨርሳል። ቁስለት የሚይዘው ከአሥር አንዱ ወይም ሁለቱ ናቸው፤ ወደ ካንሰር የሚሄደው ከዚያም እጅግ ያነሰ ነው። ቢሆንም የዓለም ጤና ድርጅት የካንሰር ምርምር ተቋም ከ1994 ጀምሮ ባክቴሪያውን ከተረጋገጡ የካንሰር አምጪዎች ተርታ አስገብቶታል።

ባክቴሪያው ለመድኃኒት አስቸጋሪ የሆነው በመኖሪያው ምክንያት ነው። የጨጓራን ግድግዳ በሸፈነው ንፋጭ ውስጥ ጠልቆ ይገባል፤ ዩሪየዝ በተባለው ኢንዛይሙ አሞኒያ እያመረተ በዙሪያው ያለውን አሲድ ያረክሳል። በሳምባ ምች ላይ ብዙ ጊዜ አንድ አንቲባዮቲክ ይበቃል፤ እዚህ ግን አንዱ ብቻውን አይረታውም። አሲዱ ካልቀነሰ ደግሞ አሞክሳሲሊንና ክላሪትሮማይሲን አቅማቸውን ያጣሉ። የጥምረቱ ምሰሶ፣ ብዙ ሰው «ለማቃጠል ነው» ብሎ የሚንቀው ኦሜፕራዞል የሆነው ለዚህ ነው።

ስለ ኦሜፕራዞል ካነሳን፣ በእኛ ሐኪሞች ዘንድ ሲነሳ ብዙም የማልሰማው አንድ ኢትዮጵያዊ ጉዳይ አለ። መድኃኒቱን ጉበት ውስጥ የሚሰባብረው ሲዋይፒ2ሲ19 የተባለ ኢንዛይም ነው። እ.ኤ.አ. በ2006 በስዊድን የካሮሊንስካ ተቋም ተመራማሪዎች፣ ኢትዮጵያዊቷ እሌኒ አክሊሉም በመካከላቸው ሆነው፣ የዚህን ኢንዛይም ሥራ የሚያፈጥን የዘረመል ዓይነት ለይተው አወጡ። ያጠኗቸው ስዊድናውያንንና ኢትዮጵያውያንን ነበር፤ በሁለቱም ዘንድ የዚህ ዓይነት ድርሻ 18 በመቶ ሆኖ ሲገኝ በቻይናውያን ዘንድ 4 በመቶ ብቻ ነበር። ይህ ዘረመል ያለበት ሰው ኦሜፕራዞሉን ቶሎ አቃጥሎ ይጨርሳል፤ አሲዱ በበቂ አይወርድም፤ አንቲባዮቲኮቹም ይደክማሉ። ስለዚህ ከእስያ የመጣ የ20 ሚሊግራም ውጤት ለእኛ እንዳለ ይሠራል ማለት ያስቸግራል። ሐኪሙ ልኩን ወደ 40 ሚሊግራም ከፍ ቢያደርግ፣ በቀን ሁለቴም ቢያዝ፣ ምክንያት የለሽ አይሆንም።

ወደ ንጽጽሩ እንግባ። ሕክምና «ሠራ» የሚባለው ባክቴሪያው ሙሉ በሙሉ ሲጠፋ ነው፤ ሕመሙ መቀነሱ ብቻውን አይቆጠርም። ባለሙያዎች ጥሩ የሚሉት ከመቶ ታካሚ 90ውን ያጸዳውን ነው፤ ከ80 በታች የወረደውን አይቀበሉትም። እዚህ ላይ አንባቢ ሊጠነቀቅበት የሚገባ ነገር አለ፦ ቁጥሩ ሕክምናውን ከጨረሱት ብቻ ተሰልቶ ነው ወይስ ጀምረው ካቋረጡትም ጭምር? ከሩቅ ቀበሌ በእግሩ መጥቶ ሁለተኛ የማይመለሰው ገበሬ በመጀመሪያው ስሌት ውስጥ የለም። ለቢታ የሚጠቅመው ሁለተኛው ስሌት ነው።

የሦስቱ መድኃኒት ጥምረት በ1990ዎቹ ሲወጣ ድል የተደረገ መስሎ ነበር። በኋላ በብዙ ሀገር ክላሪትሮማይሲንን የተላመደ ባክቴሪያ እየበዛ ሲሄድ ውጤቱ አሽቆለቆለ። በ2011 ላንሴት ላይ የታተመ የአውሮፓ ሙከራ በሰባት ቀን የሦስት መድኃኒት ሕክምና 55 በመቶ ብቻ ሲድን፣ ቢስመዝ ያለበት የአሥር ቀኑ ሕክምና 80 በመቶ እንዳዳነ አሳየ። እንዲህ ያለ ልዩነት ያየ ሰው ወዲያው ወደ አራቱ ቢሮጥ አይፈረድበትም። ግን እዚያው ዓመት፣ እዚያው መጽሔት ላይ፣ ከላቲን አሜሪካ ተቃራኒ የሚመስል ዜና መጣ። በሰባት ቦታዎች ከ1,400 በላይ ሰዎች ተመድበው ሲታዩ፣ ለ14 ቀን የተሰጠው የድሮው የሦስት መድኃኒት ሕክምና 82 በመቶ አዳነ፤ ለአምስት ቀን የተሰጠው፣ ቢስመዝ የሌለበት የአራት መድኃኒት ጥምረት 74 በመቶ ገደማ፣ አምስት ቀን አንድ ዓይነት ቀጥሎ አምስት ቀን ሌላ ዓይነት የሚዋጥበት ተከታታይ ሕክምናም 76 በመቶ ገደማ ላይ ቀሩ። (ይህ ተከታታይ የሚባለው ከጣሊያን የመጣ ነው፤ በአምስተኛው ቀን መድኃኒት መቀየርን ማንበብ ለማይችል ሰው ማስረዳት ምን ያህል እንደሚያደክም የፋርማሲ ባለሙያ ያውቀዋል።) በ2016 ከታይዋን የመጣው ከ1,600 ሰው በላይ የያዘ ሙከራ ደግሞ ቢስመዝ ያለበትን የአሥር ቀን ሕክምና 90 በመቶ፣ የ14 ቀኑን የሦስት መድኃኒት ሕክምና 84 በመቶ ገደማ ላይ አስቀምጧቸዋል።

ከአንድ በሽታ እንዲህ የተለያየ ቁጥር የሚወጣው በየሀገሩ ያለው ባክቴሪያ የተለያየ መድኃኒት ስለተላመደ ነው። የቀኑ ርዝማኔም ይጨመርበታል። የኮክሬን ማኅበር በ2013 ብዙ ሙከራዎችን ሰብስቦ ሲመዝን፣ የሦስቱን መድኃኒት ሕክምና ከሰባት ወደ 14 ቀን ማራዘም የዳኑትን ከ73 ወደ 82 በመቶ ገደማ እንዳሳደገ አገኘ። ዘጠኝ ከመቶ ማለት ነው፤ ሌላ መድኃኒት ሳይጨመር። የእኛ መመሪያ ሰባት ቀንንም የሚያቅፍ ክልል በመተው ሐኪሙን በነጻነት አሰናብቷል፤ እኔ ግን ሰባቱ ቀን ከወረቀቱ ቢፋቅ እመርጣለሁ።

ታዲያ የኢትዮጵያ ባክቴሪያ ምን ተላምዷል? ከሁሉ በፊት ሜትሮኒዳዞልን። ዳንኤል አስራትና ባልደረቦቻቸው በጥቁር አንበሳ ሆስፒታል ከታካሚዎች ያሳደጓቸውን ባክቴሪያዎች መርምረው በ2004 ያሳተሙት ውጤት፣ አብዛኞቹ ይህን መድኃኒት መቋቋማቸውን አሳይቷል። የሚያስደንቅ አይደለም። ሆዱ የጮኸበት ሁሉ «አሜባ ነው» ብሎ ከመድኃኒት ቤት ሜትሮኒዳዞል ወይም ቲኒዳዞል በሚገዛበት ሀገር፣ ባክቴሪያው ያለ ማዘዣ ለዓመታት ሲለማመድ ነው የኖረው። ክላሪትሮማይሲን በአንጻሩ ውድ ስለነበር በገጠር ብዙ አልተረጨም፤ ለእኛ የቀረልን ዕድል እሱ ነበር። የቅርብ ዘመዱ አዚትሮማይሲን ግን ትራኮማን ለማጥፋት በሀገር አቀፍ ዘመቻ ለሚሊዮኖች ታድሏል፤ በኮቪድ ጊዜም እንደ ከረሜላ ተሸጧል። የሁለቱ አሠራር አንድ በመሆኑ አንዱን የተላመደ ባክቴሪያ ሌላውንም ይቋቋማል። የትራኮማ ዘመቻ ይቁም አልልም፤ የዓይን ብርሃን ይበልጣል። ሐኪሙ ክላሪትሮማይሲን ከማዘዙ በፊት «ከዚህ ቀደም አዚትሮ ወስደሃል?» ብሎ ቢጠይቅ ግን ምንም አይከፍልበትም።

በዚህ ሁሉ ስጋት መካከል ከባሕር ዳር የመጣው ውጤት ተስፋ ይሰጣል። በ2019 በታተመው ክትትል፣ የሦስቱን መድኃኒት ሕክምና ጨርሰው ከተመረመሩት ውስጥ 90 በመቶ ያህሉ ከባክቴሪያው ነጽተው ተገኝተዋል። በመካከላቸው የጠፉ ታካሚዎች ሲታሰቡ ቁጥሩ ዝቅ ይላል፤ ባሕር ዳርም ካፋ አይደለችም። ቢሆንም የአውሮፓው 55 በመቶ እኛ ዘንድ እንዳለ አልደረሰም። የአሜሪካን መመሪያ ቃል በቃል ለመቅዳት የማልቸኩለው በዚህ ምክንያት ነው።

አራቱን መድኃኒት በተመለከተ አንድ ጥያቄ ይቀራል፦ ባክቴሪያው ሜትሮኒዳዞልን ከተላመደ፣ እሱን የያዘው ይህ ሕክምና እንዴት ይሠራል? ልኩ ከፍ ሲል፣ ቀኑ ሲረዝምና ቢስመዝ ሲታከልበት ልማዱ በከፊል ይሸነፋል፤ ቴትራሳይክሊንን የሚቋቋም ባክቴሪያ ደግሞ በአብዛኛው ዓለም ጥቂት ነው። በወረቀት ላይ ጠንካራ ጥምረት ነው፤ በቤት ውስጥ ግን ሌላ ነው። ቢስመዝ አራት ጊዜ፣ ቴትራሳይክሊን አራት ጊዜ፣ ሜትሮኒዳዞል ሦስት ጊዜ፣ ኦሜፕራዞል ሁለት ጊዜ ሲደመር በቀን ከ13 ፍሬ አያንስም፤ በ14 ቀን 182 ይሆናል። የሦስቱ ጥምረት ባለ 500 ሚሊግራም አሞክሳሲሊን ከተሰጠ በቀን ስምንት፣ በጠቅላላው 112 ፍሬ ነው። ቢስመዝ ሰገራን ያጠቁራል፤ ያልተነገረው ሰው ደም ፈሰሰኝ ብሎ ይደነግጣል፤ የእውነት የቁስለት መድማትም ሰገራን ስለሚያጠቁር ድንጋጤው መሠረት የለሽ አይደለም። ቴትራሳይክሊን ከወተት ጋር አይሄድም። በሜትሮኒዳዞል ጊዜ ደግሞ ጠላና ጠጅ እንዲቀር ሐኪሞች ያስጠነቅቃሉ፤ የማር ሀገር በሆነው ካፋ ሠርግና ተዝካር ሳያቋርጠው 14 ቀን ማለፍ ቀላል ትእዛዝ አይደለም።

ጾምም አለ። በቀን ሁለት ጊዜ የሚዋጥ መድኃኒት ለኦርቶዶክሱም ለሙስሊሙም ይመቻል፦ አንዱን ሌሊት ከመንጋቱ በፊት፣ ሌላውን ማታ። በቀን አራቴ የሚዋጠው ግን ከዐቢይ ጾምም ከረመዳንም ጋር ይጋጫል። በእርግጥ የታመመ ሰው እንዲጾም አይገደድም፤ የንስሐ አባቱን ጠይቆ መድኃኒቱን የሚውጥ ብዙ ነው። ሳይጠይቅ የቀኑን እየዘለለ ከፋሲካ በኋላ «አልሠራልኝም» ብሎ የሚመለስም አለ። ስለዚህ ለካፋ ገጠር በመጀመሪያ ሙከራ የሦስቱን ጥምረት፣ ሙሉ 14 ቀን፣ በሙሉ ልክ፣ አራቱን ደግሞ የመጀመሪያው ላልሠራለት ማስቀመጥን እመርጣለሁ። ይህ ምርጫ የሚጸናው አራቱ በእርግጥ ካሉ ነው። ቢስመዝና ቴትራሳይክሊን በዞን ደረጃ፣ ቢያንስ ቦንጋ በሚገኘው ገብረጻድቅ ሻዎ ሆስፒታል ካልተዘረጉ፣ የከሸፈበት ታካሚ ያንኑ ክላሪትሮማይሲን ደግሞ ይውጣል። ያ ደግሞ ከሁሉ የከፋው ነው፤ መጀመሪያ የተቋቋመውን መድኃኒት ባክቴሪያው ሁለተኛ ጊዜ ለምን ይፈራዋል?

ሌሎች አማራጮችን በአጭሩ ልለፍ። ሌቮፍሎክሳሲን በብዙ ሀገር ለሁለተኛ ዙር ይሰጣል፤ እኛ ዘንድ መድኃኒት የተላመደ ቲቢ የሚታከምበት በመሆኑ ለጨጓራ መበተኑን አልወደውም። ሪፋቡቲንም የቲቢ መድኃኒት ዘመድ ነው፤ ያው ስጋት አለበት። ጃፓኖች ያወጡት ቮኖፕራዛን አሲድን ከኦሜፕራዞል በላይ ያዳክማል። በ2022 የታተመው የአሜሪካና የአውሮፓ ሙከራ፣ ክላሪትሮማይሲንን የተቋቋመ ባክቴሪያ ካለባቸው ውስጥ በድሮው ጥምረት 32 በመቶ ሲድኑ፣ ቮኖፕራዛን በተተካበት 66 በመቶ ገደማ እንደዳኑ አሳይቷል። የሚያስጎመጅ ቁጥር ነው፤ ግን ቢታ ገነት እስኪደርስ ኦሜፕራዞሉን በአግባቡ መዋጥ ይሻላል።

የቤት መድኃኒቱስ? ተልባው የሚቃጠል ሆድ ያለዝባል፤ ባክቴሪያውን ግን አይገድልም። ማር በላቦራቶሪ ሳህን ላይ የባክቴሪያውን እድገት እንደሚገታ ታይቷል፤ ሳህን ግን ጨጓራ አይደለም። ከእነዚህ ሁሉ ትንሽም ቢሆን ማስረጃ ያለው ጥቁር አዝሙድ ነው፦ በ2010 የታተመ፣ 88 ሰዎችን ብቻ የያዘ ጥናት ሁለት ግራም ጥቁር አዝሙድ ከኦሜፕራዞል ጋር ሲሰጥ 67 በመቶ፣ የሦስቱ መድኃኒት ጥምረት 83 በመቶ ማዳኑን ዘግቧል። ማቃለል አያስፈልግም፤ መተካትም አይቻልም። ቡናን በተመለከተ በካፋ ሁሉም ሰው የሚጠይቀው ነገር አለ፤ መልሱም ቡና የሚያቃጥለውን ሆድ ሊያባብሰው ይችላል፣ ቁስለት ግን አያመጣም ነው። ዳይክሎፌናክና አይቡፕሮፌን ግን ያመጣሉ። ባክቴሪያ ባለበት ሆድ ላይ ለወገብ ሕመም በየገበያ ቀኑ የሚዋጥ ዳይክሎፌናክ ከቡናው ይልቅ ያስፈራል።

ከዚህ በኋላ ያለው የምርመራ ጉዳይ ነው፤ ብዙ ገንዘብና መድኃኒት በከንቱ የሚፈሰውም እዚህ ላይ ነው። በደም የሚደረገው የፀረ እንግዳ አካል ምርመራ ባክቴሪያው ከጠፋ ከወራት፣ አንዳንዴ ከዓመታት በኋላም «አለ» ይላል። በዚህ ምርመራ ብቻ እየታዩ ሦስተኛና አራተኛ ዙር አንቲባዮቲክ የሚውጡ ሰዎች አሉ፤ ባክቴሪያው ሄዶ ምልክቱ ነው የቀረው። መዳንን ለማረጋገጥ የሚያስተማምነው የሰገራ ምርመራ ወይም የትንፋሽ ምርመራ ነው። እሱም ሕክምናው ካለቀ ቢያንስ ከአራት ሳምንት በኋላ፣ ኦሜፕራዞል ለሁለት ሳምንት ከቆመ ወዲያ መሆን አለበት፤ አለዚያ ባክቴሪያው ተደብቆ «የለም» ይባላል። የትንፋሹ ለቢታ ሩቅ ነው፤ የሰገራው ግን ትንሽ ካርድ በመሆኑ ጤና ጣቢያ ላይ ሊሠራ ይችላል። ክብደት ለቀነሰ፣ ደም ላስመለሰው፣ ምግብ መዋጥ ለተሳነው ወይም በዕድሜ ለገፋ ሰው ግን ካርዱ አይበቃም፤ ኢንዶስኮፒ ወዳለበት መላክ አለበት።

የማኅበረሰብ አቀፍ ጤና መድን ያለው ቤተሰብ ለመድኃኒቱ ብዙ ላይቸገር ይችላል፤ የሚቸገረው ከወር በኋላ ለምርመራ ተመልሶ ለመምጣት ነው። ዝናብ በበዛበት ካፋ መንገዱ ሲበላሽ ጥሩ የተሰማው ሰው ለምን ይመለሳል? ይህን ጤና ጣቢያው ራሱ ማስላት አለበት። ለ14 ቀን ያዘዘለትን ሰው በመዝገብ ላይ ጽፎ፣ በጤና ኤክስቴንሽን ባለሙያዋ በኩል በስድስተኛው ሳምንት አስጠርቶ፣ ሰገራውን ቢመረምር፣ መቶ ሰው ሲሞላ ቢታ የራሷ ቁጥር ይኖራታል። ከጀመሩት መቶ ሰዎች ያልተመለሱትን እንዳልዳኑ ቆጥሮ እንኳ 85ና ከዚያ በላይ ከነጹ፣ የሦስቱ ጥምረት ይቀጥል። ከ80 በታች ከወረደ፣ ያልተመለሱት ብዙ ስለሆኑ ነው ወይስ የተመለሱት ባለመዳናቸው የሚለው ይታይ፤ ሁለተኛው ከሆነ ክላሪትሮማይሲኑ ይቅርና ቢስመዝና ቴትራሳይክሊን ከቦንጋ ይምጡ።